ደረቅ መዳፍ

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ መቅዲ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። መቆም አልነበረባትም። የምትጠየቅ ልጅ ወይ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ወይ ጓዳ ተቀምጣ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ወጉ ይህ ነው። መቅዲ ግን ቢጠና ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሰገራ ስትመረምር የምትውል ሰው ናትና፣ ስለ ራሷ የሚወራው ዞሮ ዞሮ በሰው አፍ እስኪደርሳት የምትጠብቅበት ምክንያት አልታያትም።

ነገሩ ለእሷ ቀላል ነበር። ዓምደሚካኤል ይፈልጋታል፣ እሷም ትፈልገዋለች። እሱ አረካ ባለው የምርምር ማዕከል የእንሰት በሽታ ያጠናል፤ እሷ ቢጠና ናት። እሑድ እሑድ ሶዶ ይገናኙና፣ ሻይ ሳይበርድ አንዱ ሌላውን ወደ መነኻሪያ ይሸኛል። በጋብቻ ምክንያት ዝውውር የሚጠየቅበት ጊዜ በጥቅምት ይዘጋል። ዘንድሮ ካለፋቸው ሌላ ዓመት ሙሉ በሚኒባስ መስኮት መሰነባበት ነው። ይህን ሁሉ አስልታ ጨርሳ ነበር። ያላሰላችው ወንድሟን ነው።

አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ ይልቃል ነው። እሷን አስተምሮ ለወግ ያበቃት እሱ ስለሆነ፣ «አያገባህም» የምትለው ሰው አይደለም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ «እንመክርበታለን» አለ። ያ የተለመደ ነው፤ ወዲያው እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ሁለተኛም ሲመጡ «እንመክርበታለን» አለ። በሦስተኛውም መልስ ያጣ ሽማግሌ ግን አራተኛ አይመጣም፤ የልጁ ወገን ተናቅን ብሎ ይቀራል። መቅዲ ወንድሟን በሰላሙም በጭቅጭቁም ጠይቃው ነበር። «ልጁን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሳሎን ውስጥ ሦስቱም ሽማግሌዎች ቆመዋል። የዓምደሚካኤል አጎት ጋሽ ወልደመስቀል ፊት፣ ጡረታ የወጡት መምህር በድሉ ከጎናቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው ጋሽ ባዳቾ ደግሞ በከዘራቸው ተደግፈው ከበሩ አጠገብ።

«ኧረ ተቀመጡ በእመቤቴ፣ ጉልበታችሁ ይለቃል» አለች እናቷ አልጋነሽ።

«መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም፣ እትዬ አልጋነሽ» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል። «ጉልበታችን ከለቀቀ በእናንተ ነው።»

ይልቃል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ እምቢ አላልኩም። ግን ልጁ ንብረቴን ወስዶብኛል። እሱ ነገር ሳይነሳ እህቴን አልሰጥም።»

 መቅዲ ከመጋረጃው ጀርባ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ንብረት? ዓምደሚካኤል የሰው ንብረት?

«መሬት ነው?» አሉ ጋሽ ባዳቾ።

«አይደለም።»

«ሞተር?»

«አይደለም ጋሼ። የማስቲካ ካርድ ነው።»

ጋሽ ወልደመስቀል ወደ መምህር በድሉ ዞሩ። መምህሩ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። «ከማስቲካው ጋር የሚወጣው ነው። የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት። አንድ መሳቢያ ሙሉ ቀምቼ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ» አለች አልጋነሽ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ታላዝናለህ? ተጫወትክ፣ ተበላህ፣ አለቀ።»

«አልተበላሁም እማዬ። ተጭበርብሬ ነው።»

መቅዲ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ሁለት ዓመት የለፋችበት ጉዳይ በማስቲካ ወረቀት ሊፈርስ ነው። እሷ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረች፤ ከዘመኑ የምታስታውሰው ማስቲካውን ብቻ ነው። ድንጋይ የመሰለ፣ ጣዕሙ ከሱቁ ደጅ ሳይርቁ የሚያልቅ ነገር ነበር። ለጣዕሙ የሚገዛው ግን አልነበረም። ትንንሾቹ ውስጡ ያለውን ስቲከር በምራቅ አርሰው ክንዳቸው ላይ ያትማሉ፣ ወይም ቁምሳጥንና ደብተር ላይ ይለጥፋሉ፤ ትልልቆቹ ካርዱን ይሰበስባሉ። ይልቃል አፉ በማስቲካ ሲሞላ የቀረውን ለእሷ ይሰጣት ነበር። ካርዱን አይደለም። ካርዱን እንድትነካ እንኳ እጇን ታጥባ ነው።

ይልቃል እየተናገረ ነበር፤ ድምፁም ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ የሚያስተናግድበት ድምፅ አልነበረም። «አንድ በረኛ ነበር፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ። ስሙን ማንበብ አንችልም፤ ‹በረኛው› ነው የምንለው። በሰፈሩ እኔ ጋ ብቻ ነበር። እሱን ለማግኘት አገጬ እስኪዝል አኝኬያለሁ። ዓምደሚካኤል ‹አስይዘህ እንጫወት› አለኝ። ካርዶቹ በጀርባቸው ይደረደራሉ፤ በመዳፍህ ትመታለህ፣ የተገለበጠው ያንተ ነው። ሕጉ ደረቅ መዳፍ ነው። ከመምታትህ በፊት መዳፍህን ታሳያለህ፣ ሱሪህ ላይ ትጠርጋለህ። እሱ ጠረገ፣ አሳየ። ከዚያ ሳል መሰል ነገር አደረገና እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ላሰው። የረጠበ መዳፍ ላይ ካርዱ ተጣብቆ ይነሳል። ሲልስ አይቻለሁ። ልጆቹ አላየንም አሉ። አባዬ ‹ወንድ ልጅ ሲሸነፍ አያለቅስም› ብሎ ገረፈኝ። እስከ ዛሬ ያመነኝ የለም። እህቴን ስሰጥ ደግሞ ለምን ዝም እላለሁ?»

መምህር በድሉ «ሕጉ ልክ ነው» አሉ። «ደረቅ መዳፍ ነበር።»

«መምህር፣ እርስዎም?» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል።

«የማውቀውን ነው የምናገረው።»

ጋሽ ባዳቾ ከዘራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መቱ። «ልጁ ይጠራ።»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል። «ሽማግሌ ልኮ ራሱ የሚገባ የት አለ? በእኛ ወግ ልጁ እዚህ ደጅ ዝር አይልም።»

«በእኛ በወላይታ ደግሞ የተቀያየመ ሰው ፊት ለፊት ሳይነጋገር ጊፋታ አይገባም። የሰፈሩ በሬ ተገዝቶ ታስሯል፤ ሁለቱም ለአንዱ በሬ አዋጥተዋል። ቂም ይዘው ቢላ ሊያነሱ ነው? ሃያ ዘመን መለወጫ እንዲሁ አብረውኝ ሥጋ ሲቆርጡ ኖረዋል፤ እኔ አላወቅሁም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሁን ግን ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልልም።»

ዓምደሚካኤል ሩቅ አልነበረም። መንገዱ ማዶ የቆመ ባጃጅ ውስጥ፣ ሱፉን ለብሶ፣ የአጎቱን ስልክ ይጠብቃል። መቅዲ ይህን ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር ነበር፤ አንድ ቀን በመንገድ ላይ፣ የወንድሟን ነገር እያነሱ ሲስቁ፣ መዳፉን ልሶ በረኛውን እንደበላው ነግሯታል። ያን ጊዜ ስቃለች። አሁን ግን ካመነ፣ ለይልቃል ሰበብ ሰጠው ማለት ነው፤ «አጭበርባሪ ነው አላልኳችሁም?» ይላል፣ ሽማግሌዎቹም አፍረው ይወጣሉ። ስልኳን አወጣችና ጻፈች፦ «ስለ ካርዱ ይጠይቁሃል። አልላስኩም በል። አላስታውስም በል። ዝም ብለህ ካድ።»

መልእክቱ እንደደረሰው አየች። መልስ አልላከም።

ዓምደሚካኤል ገባ። ጫማውን ደጃፉ ላይ ሲጠርግ፣ ለእናቷ ዝቅ ብሎ እጅ ሲነሳ በመጋረጃው ቀዳዳ አየችው። ላብ ፊቱ ላይ ችፍ ብሏል። ስልኩ እጁ ላይ ነበር፤ ወደ ኪሱ ከተተው።

ጋሽ ባዳቾ ሌላ መግቢያ አልፈለጉም። «የዚህን ልጅ ካርድ ስትበላ መዳፍህን ልሰሃል ወይስ አልላስክም?»

ዓምደሚካኤል ይልቃልን አየው። ይልቃል ግድግዳውን ያያል። አልጋነሽ «ልጅ ነበራችሁ እኮ፣ ማን ያስታውሳል» አለች፤ እሷም በራሷ መንገድ ካድ ማለቷ ነበር። መቅዲ በልቧ «በል፣ በል፣ ተቀበላት» አለች።

«ልሻለሁ» አለ ዓምደሚካኤል።

ጋሽ ወልደመስቀል ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቅዲም እንዲሁ።

«ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ጋሼ። ግን ያን ቀን ይልቃል እንዳየኝ አውቄያለሁ። ልጆቹን ‹አላየንም በሉ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። አባቱ ሲገርፉት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ገብቼ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። ከዚያ ስንተያይ ሰላም እንባባላለን፣ እሱም አያነሳ፣ እኔም አላነሳ። እህቱን ስጠይቅ እንኳ አላነሳሁም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይልቄ።»

ይልቄ የልጅነት ስሙ ነው። ለረጅም ጊዜ ማንም በዚህ ስም አልጠራውም ነበር።

ይልቃል ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። «ሰማሽ እማዬ? ልሷል።»

«ሰማሁ» አለች አልጋነሽ።

«ልሷል አላልኳችሁም?»

«ብለሃል ልጄ። ብለሃል።»

ይልቃል ሳቀ። ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫው ወጣ፣ ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻም ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ዓምደሚካኤልን ጎትቶ አቀፈው፤ ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ሳሎን መሐል ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ቆሙ። መቅዲ ከመጋረጃው ጀርባ ያን መልእክት ስለላከች ፊቷ ጋለ፤ እሺ ስላላላትም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እሷ ስታሰላ የከረመችው ወንድሟ የሚፈልገው ካርድ ወይም ሰበብ መስሏት ነበር። የሚፈልገው አንድ ሰው «ያየኸው እውነት ነው» እንዲለው ብቻ ነበር።

«ታዲያ በረኛው የት ገባ?» አለ ይልቃል።

«ሳምንትም አልቆየም። የጋሽ ባዳቾ ልጅ በላኝ።»

«የእኔ ልጅ?» አሉ ጋሽ ባዳቾ። «ጸጉራሙ? የጓዳ በር ላይ ለጥፎት እኮ ነው። ለጊፋታ ቤት ሲታደስ እናቱ ‹ላጥ› ብትለው አለቀሰ፤ ላዩ ላይ ቀባነው። ዓመት በመጣ ቁጥር እንቀባለን። እዚያው ከቀለሙ ሥር ነው ያለው።»

«ዘንድሮም ቀብታችኋል?»

«ነገ ነው ቀቢው የሚመጣው።»

«በምላጭ ቀስ ተብሎ ቢፋቅ ይወጣል» አሉ መምህር በድሉ። «ሞቅ ያለ ውሃ ቢነካ ደግሞ ጥሩ ነው።»

ዓምደሚካኤል ክንድ ላይ ስለሚታተመው ስቲከር አነሳ፤ መምህር በድሉ ልጆችን አሰልፈው በሳሙና ሲያሹ የነበረውን አስታወሱ፤ ይልቃል ማስቲካው ሮዝ ነበር አለ፣ ዓምደሚካኤል ቢጫም ነበረው አለ፣ ተከራከሩ። ጋሽ ወልደመስቀል እንኳ የታላቅ ልጃቸውን ትራስ ሥር አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቁልል እንዳገኙ ተናገሩ። ጋሽ ባዳቾ ከዘራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ቅርብ ነው፤ ኑና እዩት።» ሁሉም ወደ በሩ ተንቀሳቀሱ።

መቅዲ መጋረጃውን ገለጠችና ወጣች።

«መልሱስ?»

ሁሉም ቆሙ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት ብቅ ብላ መልስ ስትጠይቅ ያየ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። አልጋነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«የምን መልስ?» አለ ይልቃል፣ አሁንም ልቡ በረኛው ዘንድ ሆኖ።

«የእኔ። ሦስተኛ ጊዜ የቆሙበት።»

«ሰጥተን የለም እንዴ?»

«አልሰጠህም» አሉ ጋሽ ወልደመስቀል። «እኔም ደክሞኝ ረሳሁት እንጂ፣ ገና ቆመናል።»

«ልጅቷ ከሁላችንም ይልቅ ልብ አላት» አሉ ጋሽ ባዳቾ።

ይልቃል ኮቱን አስተካከለ። እህቱን አየ፣ ዓምደሚካኤልን አየ፣ ከዚያ እንደ ወጉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሰጥተናል። እግዚአብሔር ይባርክላቸው።»

«አሜን» ብለው ሦስቱም፣ የእንጨት ወንበሮቹ እየተንቋቁ፣ አንድ በአንድ ተቀመጡ። መምህር በድሉ ጉልበታቸውን ይዘው ረጅም ትንፋሽ አወጡ።

«ገበታ አቅርቢ እንግዲህ» አለች አልጋነሽ። «ብቅ ካልሽ አይቀር።»

መቅዲ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። ለሽማግሌ ተብሎ ከተቆረሰው ዳቦ አንዱን አነሳች፣ ዳጣው ውስጥ እስከ ጣቷ ነከረችው፣ ቆማ አፏ ሞልታ ጎረሰች። በርበሬው ምላሷን ለበለባት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳሎኑ ውስጥ ስለ ሠርጉ ቀን መነጋገር ተጀምሮ ነበር። እሷ ሁለተኛውን ቁራሽ ነከረች።