ጋሽ ወልደየስ በድሉን እንዳዳኑት

በድሉ ጉዳዩን ለሰው አያወራም። ወሬ ከወጣ ጉዳይ ይበላሻል ብሎ ያምናል፤ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ ይህን የማያምን ሐበሻ ካለ ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆኖ ከአሜሪካ ውጣ ሊባል ጫፍ ሲደርስ፣ ማኒቶባ የሚባለው የካናዳ ክፍለ ሀገር መካኒክ እንደሚፈልግ፣ የወደደውንም ሰው ራሱ አጭቶ መኖሪያ ፈቃድ እንደሚያሰጥ ሰማ። አመለከተ። ለሚስቱ ለትርፌ እንኳ ትንፍሽ አላለም። በሐምሌ ሙቀት የበረዶ ጫማ ታቅፎ ሲገባ ብትጠይቀው "ሴል ላይ በቅናሽ አግኝቼ ነው" አላት። ዴንቨር ባለው የጸሎት ቡድናቸውም ተራው ሲደርስ "ጌታ የሚያውቀው ጉዳይ አለኝ" ይላል፤ እነሱም ምን እንደሚለምኑ ሳያውቁ ላባቸው ጠብ እስኪል ይጸልዩለታል።

የሥራ ማስረጃ የጻፉለት የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጋሽ ወልደየስ ናቸው። እሳቸውንም "አፓርታማ ልከራይበት ነው" ብሎ ሸወዳቸው።

አንድ እሁድ ከቸርች መልስ ጋሽ ወልደየስ ቤት ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ፣ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ልጅ ከምን እንዳወጣሁት አያውቅም" አሉ። "አርብ አንዲት ፈረንጅ ደወለችልኝ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ አለች፤ ከዚያ ወዲያ አልሰማኋትም። በድሉ አንተ ጋ ይሠራል ወይ? ስትለኝ፣ ኢሚግሬሽን መሆኗ ገባኝ። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አልኳት። ማስረጃ ጽፈህለታል አለች። ፎርጅድ ነው አልኳት!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ትርፌ እያለቀሰች ተነስታ አቀፈቻቸው። ሴትዮዋ ከማኒቶባ እንደደወለች የገባው በድሉ ብቻ ነው።

"ደሞ ለማጥመድ ስልኳን ሰጥታኛለች" አሉ ጋሽ ወልደየስ ቁራጭ ወረቀት ከኪሳቸው እያወጡ። "ሐሳብህን ከቀየርክ ሰኞ ደውል፣ አለዚያ ፋይሉን እዘጋዋለሁ ብላለች። ምን ላድርገው?"

"ይደውሉላት" ማለት ብቻ ነበር የቀረው። በድሉ ዙሪያውን አየ። ትርፌ አለች። ወሬ ይዛ እስከ ቶርንተን የምታዳርሰው ጌጥነሽም ጆሮዋን አቁማለች። አሁን ቢናገር ነገ የማይሰማ የለም፤ ሰው ከሰማ ደግሞ ጉዳዩ ይበላሻል። ይህን ፈራ፤ ከልቡ ፈራ።

"ይቅደዱት ጋሼ" አለ። "እግዜር ይስጥልኝ።"

ጋሽ ወልደየስም ደስ እያላቸው ቀደዱት።