ሁለት ጣት የምታህል ባዶ

አቶ ኅሩይ ባዶ ነገር አይወዱም። ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ግድግዳዋ በሥዕል ከመሞላቱ የተነሳ የመብራት ማብሪያው የሚገኘው በገብርኤል ክንፍ ሥር ነው። በወሬም እንደዚያው ናቸው፤ ዝም የተባለበት ቦታ ካገኙ አንድ ነገር ጣል ሳያደርጉ አያልፉም። ልጃቸው ሔዋን ትንሽ ሳለች፣ እሳቸው በዘጠኝ ዓመታቸው ትተውት ስለወጡት ስለ ቡልጋው የአያቷ አገር ስትጠይቃቸው፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የሚያስታውሱትን ይነግሯታል፤ የማያስታውሱትን ፈጥረው ይሞሉላታል። አንዴ አያቷ ደጅ የቆመው ዛፍ ሾላ ነው፣ ሌላ ጊዜ ዋርካ ይሆናል። ልጅቷ አድጋ ነቃችባቸውና፣ «አባዬ፣ ዛፉ ዛሬ ምንድን ነው?» እያለች ትስቅባቸው ጀመር።

ጥፋቱ የመምህራቸው ነው። አቶ ኅሩይ ጉለሌ ሆነው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲማሩ ያስተማሯቸው መምህር ካሣዬ ቁጡ ሰው ነበሩ። በቅዱሱ ዙሪያ ያልተቀባ ሸራ ካዩ፣ «ይቺን ወንበር ለማን ነው ያስቀረህለት?» ብለው በብሩሹ እጀታ ጣት ይመታሉ። በእሳቸው ቤት ሰይጣን የሚቀመጠው ሠዓሊ በተወው ባዶ ላይ ነው። ሥዕል ሲደበዝዝ ማደስም ጽድቅ ነው። መጀመሪያ ማን ቀባው አይባልም፤ የጾመና የጸለየ እጅ የረገፈውን ይሞላል፣ አለቀ። አቶ ኅሩይ ይህን ትምህርት ይዘው ተሰደዱ። ጄኔቭ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥበው ጡረታ ሲወጡም ትምህርቱ አልለቀቃቸውም።

ሔዋን የምትኖረው ዙሪክ ነው። ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የምግብ ትሪ እየደረደረች ስድስት ዓመት የሥዕል አያያዝ ተምራ፣ ቪዲኮን ሰፈር በሚገኝ አንድ ጋለሪ ሥዕል የምትረከብ፣ የምትወጥርና የምትሰቅል ሠራተኛ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ወሯ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ብሩሾችህን ይዘህ ና።»

«ምን ሆንሽ?»

«ስትመጣ እነግርሃለሁ። ለማንም አትናገር፣ እሺ? ዳኮር?»

አቶ ኅሩይ ቁርሳቸውን ትተው በመጀመሪያው ባቡር ሄዱ።

ጋለሪው ሰኞ ዝግ ስለሆነ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ አልጋ የሚያህል ሸራ ተዘርግቷል። ከአውስትራሊያ በረሃ፣ ከአገሬው ነባር ሕዝብ የመጣ ሥዕል ነው። ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፤ በቀይ መደብ ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ እልፍ አእላፍ ሆኖ ይፈሳል፣ አንዳንድ ቦታ ክብ ሠርቶ ይሰበሰባል። ከአንደኛው ጥግ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ግን ነጠብጣቡ ከቀዩ መደብ ላይ ረግፎ ዱቄቱ ብቻ ቀርቷል።

«ጥቅሉ ከጭነት እንደመጣ በብርዱ ፈታሁት» አለች ሔዋን። «ቀለሙ እስኪሞቅ አንድ ቀን ማደር ነበረበት። አውቃለሁ እኮ! ተምሬዋለሁ! ተቻኮልኩ። አሁን ፕሮቤትሳይት ላይ ነኝ፣ አባዬ። የሙከራ ጊዜ። ፍራው ኤግሊ ካወቀች አለቀልኝ።»

ፍራው ኤግሊ የጋለሪው ኃላፊ ናት። አቶ ኅሩይ ስለ እሷ አልጠየቁም። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «የማን ሥዕል ነው?» አሉ።

«ሜይ የሚባሉ ትልቅ ሴት ናቸው የሠሩት። ሐሙስ ይመጣሉ።»

«የሣለውን አይደለም። የተሣለው ማነው? ማንን ብዬ ጸሎት ልጀምር?»

ሔዋን ከሥዕሉ ጋር የመጣውን ወረቀት አንስታ እየተረጎመች አነበበችላቸው። «የአባታቸው አገር ነው ይላል። ዓለም ስትሠራ የመጀመሪያዎቹ አያቶች የሄዱበት መንገድ። አያቶቹ አሁንም እዛው መሬቱ ውስጥ አሉ። ከአባታቸው ነው የተቀበሉት፣ ሌላ ሰው ይሄን መሣል አይፈቀድለትም።»

የመጨረሻዋን ነገር አቶ ኅሩይ አልሰሟትም። ወይም ደግሞ ሰምተው አለፏት፤ ልጃቸው ከፊታቸው ቆማ እጅ እጃቸውን ታያለች። አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ሙጫቸውን በሙቅ ውኃ አሟሙተው ቀለማቸውን በጠበጡ፤ በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ አንድ እያሉ ነጠብጣቡን መትከል ያዙ። እህል ሳይቀምሱ እስከ አሥር ሰዓት ሠሩ። ከግራ በኩል ሁለት ጣት የምታህል፣ ነጠብጣብ የሌለባት ቀጭን ቀይ መስመር መጥታ ወደ ረገፈው ቦታ ትገባለች፤ በወዲያኛው በኩል ወጥታ ትሄዳለች። አቶ ኅሩይ ይቺም የረገፈች መሰለቻቸው። የመምህር ካሣዬ የብሩሽ እጀታ ትዝ አላቸውና ግጥም አድርገው ሞሏት። ሲጨርሱ የቱ የአባቷ፣ የቱ የሴትዮዋ እንደሆነ ሔዋን ራሷ መለየት አቃታት።

«አዳንከኝ» ብላ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እውነት ለመናገር አቶ ኅሩይ ደረታቸውን ነፉ።

ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠራቸው ተመልሰው ዙሪክ ሄዱ። ሥራቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊያዩ ነው። ሔዋን «ሲሰቀል የረዳኝ አባቴ ነው» ብላ አስተዋወቀቻቸው።

ሠዓሊዋ የእህታቸውን ልጅ ሩቢን አስከትለው ገቡ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ፊታቸው የጠቆረ፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍተው ሸራ ጫማ ያደረጉ አሮጊት ናቸው። ሩቢ «አንቲ» ስትላቸው የሰሙት አቶ ኅሩይ ወዲያው እትዬ ሜይ አሏቸው። እትዬ ሜይ ሥዕሉን ሽቅብ አዩትና አንገታቸውን ነቀነቁ። ሩቢ በእንግሊዝኛ፣ «የሣሉት መሬት ላይ ተቀምጠው ነው፤ ይውረድላቸው» አለች። ሔዋን አውርዳ ወለሉ ላይ አጋደመችው።

አሮጊቷ ከጎኑ ተቀመጡ። ጣታቸውን ከቀለሙ ከፍ አድርገው በአየር ላይ እየነዱ በቀስታ ይዘምሩ ጀመር። ሩቢ እንደነገረቻቸው፣ ዜማውና መንገዱ አንድ ናቸው፤ የየውኃ ጉድጓዱ ስም በዜማው ተራ ተራውን ይመጣል። ለእንግዳ የሚነገር አለው፣ የማይነገርም አለው። አቶ ኅሩይ ይቺ ገባቻቸው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ሁሉም ሰው አያየውም። ቆባቸውን አወለቁ።

የአሮጊቷ ጣት ያቺ መዳፍ የምታህል ቦታ ጋ ደረሰ። ቆመ። ዜማውም ቆመ።

እትዬ ሜይ ትንሽ ወደኋላ ተመልሰው ጀመሩ። እዚያው ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከሩና እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አኖሩት። በቋንቋቸው የሆነ ነገር ሲሉ የሩቢ ዓይን እንባ ሞላ፤ በእንግሊዝኛ ተረጎመችው። ፍራው ኤግሊ፣ «ጉዞው አድክሟቸዋል፣ ውኃ ይምጣላቸው» አለች።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ኅሩይ።

ሔዋን ጫማዋን እያየች አንሾካሾከች። «ረሳሁት አሉ። ‹የአባቴን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት። ጭንቅላቴ ሄዷል። ከእንግዲህ ለልጆቹ ምን ብዬ አሳያቸዋለሁ? ብሩሽ አልይዝም› አሉ።»

አቶ ኅሩይ አሁን ገባቸው። ያ ቀጭን ቀይ መስመር መንገድ ኖሯል። ዝም ካሉ ልጃቸው እንጀራዋን አትነጠቅም፤ እኚህ ሴት ግን አባቴን ረሳሁ ብለው አገራቸው ይመለሳሉ፣ እንደዚያ እንዳሉም ይሞታሉ። ከተናገሩ ደግሞ የሔዋን ስድስት ዓመት ገደል ገባ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው፣ ለአንድ አፍታ ዝም ሊሉ ነበር። ሔዋን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዓይኗ ዝም በል እያለ ይለምናል።

አሮጊቷ አጠገብ ተንበረከኩ። ፈረንሳይኛቸው ከአፋቸው ጠፋ፤ የመጣላቸው አማርኛ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ አልረሱም። ረግፎ ሳለ ሞልቼ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሩቢ አልገባትም። ፍራው ኤግሊ አልገባትም። የገባት ሔዋን ብቻ ናት። አቶ ኅሩይ ያን ጊዜ ነው ያደረጉትን ያወቁት፤ ሸክሙን አውርደው ልጃቸው ላይ ጭነዋል። «አባቴ እግዜር ያጽናዎት እያለ ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? ፍራው ኤግሊ፣ «ምን አሉ?» ብላ ወደ እሷ ዞረች።

ሔዋን ወደ ሩቢ ቀረበች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተረጎመችው። ተርጉማም አልበቃትም። «መጀመሪያ ያረገፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱን የጠራሁትም እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች።

እትዬ ሜይ ሩቢ እስክትነግራቸው አዳመጡ። ከዚያ ጭናቸውን በመዳፋቸው መትተው ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «አላበድኩም!» ነው የሚሉት፣ ሩቢ እንዳለችው። ቀጥለው አቶ ኅሩይን ትክ ብለው አይተው፣ ለምን ዘጋኸው ብለው ጠየቁ። አቶ ኅሩይ ስለ መምህር ካሣዬ፣ ስለ ሰይጣን ወንበር ነገሯቸው። ነገሩ በሁለት ሴቶች አፍ ተላልፎ ደረሰ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ።

«ባዶ እኮ አይደለም። አባቴ የሚሄድበት ነው። ከሞላኸው በየት ያልፋል?»

የሙጫ ቀለም በውኃ ይለቃልና አቶ ኅሩይ ጥጥ አርጥበው፣ የሴትዮዋን ቀለም ሳይነኩ የራሳቸውን ነጠብጣብ አንድ አንድ አነሱ። እትዬ ሜይ ከጎናቸው ሆነው ይዘምራሉ። ቀይዋ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ስትገለጥ ዜማው ያቺን ቦታ ተሻግሮ ሄደ። በዳርና ዳርዋ የረገፈውን እትዬ ሜይ ራሳቸው መልሰው እንደሚተክሉት ተናገሩና አቶ ኅሩይን ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

ፍራው ኤግሊ ክፉ ሴት አይደለችም። እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ሔዋንን ወደ ቢሮ ጠርታ፣ «ስለረገፈ አይደለም፤ ስለደበቅሽኝ ነው» ብላ አሰናበተቻት። በሙከራ ጊዜ የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ይበቃል።

ሰባቱ ቀን ሲያልቅ፣ ቅዳሜ፣ አባትና ልጅ አብረው ወደ ጄኔቭ ተሳፈሩ። ሔዋን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ፍሪቡር ከተማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቶ ኅሩይ ስለ ላሞቹም ስለ በረዶውም ብለው ዝምታውን ይሞሉት ነበር፤ አሁን እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር። «ቡልጋ፣ የአያቴ ቤት። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስተህ እንዴት ነው የሚኬደው?»

አቶ ኅሩይ ጣታቸውን የባቡሩ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉ። «ይሄ የቤተ ክርስቲያኑ በር ነው። ቁልቁል ትወርጃለሽ። እዚህ ጋ የፍቅሬ የሚባል ሰው ወፍጮ አለ። ወንዙን በድንጋዩ ላይ ረግጠሽ ትሻገሪያለሽ፣ ሦስተኛው ድንጋይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዳገት ነው። ዳገቱን ስትጨርሺ...»

ጣታቸው ቆመ።

«ከዚያስ?»

ሾላው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ዋርካውም ነበር። አንዱን ጣል ማድረግ ብቻ ነበር የቀራቸው።

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም፣ ልጄ። ረስቼዋለሁ።»

ሔዋን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ አላውቅም ሲሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇን ሰደደችና፣ ጣታቸውን ከቆመበት ሳታነሳው ያዘችው።