የሲሃም ማማሰያ

ሲሃም ቅናቷን አትደብቅም፤ ማንን ፈርታ! ፎርድስበርግ ሰፈር ባለችው የወንድሟ የጣሃ ፈሳሽ ሳሙና ማምረቻ ስምንት ዓመት ሙሉ ታንከሩን በእንጨት ማማሰያ ስታማስል የኖረችው እሷ ናት። የኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ባለስፓዛ ሱቆች ሳይቀሩ «የሲሃምን ሳሙና ስጡን» እያሉ ነው የሚገዙት። ይኸው ዘንድሮ ጣሃ ሩመይሳን አገባ፤ ሩመይሳም ገና በተሞሸረች በሦስተኛ ወሯ የማማሰያ ማሽን ካልተገዛ ብላ ድርቅ አለች። ጣሃ ወዲያው እሺ አለ። ሲሃም የትከሻ ቅባት ግዛልኝ ብላው ስንቴ ረስቷል!

ሩመይሳ ሜትር ይዛ ታንከሩን ለካች። በያጅ ጠርታም ማሽኑን ከታንከሩ አፍ ላይ ልክ መሃል ለመሃል አስተከለችው። ሲሃም ይህን ስታይ በደስታ ልቧ ዘለለ። መሃሉን ሲያማስሉት ሳሙናው አብሮ ይዞራል እንጂ አይዋሃድም፤ ወደ ጠርዙ ጠጋ፣ ዘንበል አድርጎ ነው እንጂ! ክንዷ ያውቀዋል። አፏ ግን ጭጭ አለ።

ማሽኑ ተነሳ። ሳሙናው መሃሉ ጎድጉዶ ይሽከረከር ጀመር፤ ቀለሙ ከላይ፣ ማወፈሪያው ጨው ከታች ቀረ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ወይ ፍንክች! የሩመይሳ እንባ ዱብ ዱብ አለ። የሲሃም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«በቃ!» አለ ጣሃ ማሽኑን አጥፍቶ። «ለሻጩ ይመለስ። እትዬ፣ ያንቺው እጅ ይሻለናል።»

ሲሃም ይህን ቃል ስትሰማ ማማሰያዋን አነሳች፤ በያጁ ማሽኑን ነቅሎ እንዳወረደም ተንደርድራ የታንከሩን መሰላል ወጣች። ሩመይሳም እንባዋን ጠርጋ ተከተለቻት።

«እትዬ ሲሃም፣ እስኪ እንዴት እንደምታማስዪው አሳዪኝ። ማሽኑን እንዳንቺ እጅ አድርጌ ላስተክለው።»

ኧረ ባክሽ! ወንድሜን ወሰድሽ፣ ይህንንም? ሞቼ ነው ቆሜ! ሲሃም በልቧ ይህን እያለች ማማሰያውን ልክ መሃሉ ላይ ተክላ ታዞረው ጀመር። ሩመይሳ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ሲሃም ላቧ ተንቆረቆረ፤ ትከሻዋ ነዘራት፤ ሳሙናው ግን ዝም ብሎ ይዞራል። ወደ ጠርዙ ፈቀቅ ብትል ያቺ ልጅ ታያለች። ስለዚህ መሃሉን አዞረች፣ አዞረች።

ጣሃ መሰላሉን ወጥቶ ቁልቁል አየ። ቀለሙ አሁንም እንደ ተንሳፈፈ ነው። ማማሰያውን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ።

«ወላሂ እትዬ፣ እጅሽ ደክሟል» አላት አዝኖ። «ከነገ ጀምሮ ቤት ዕረፊ። ሩመይሳ በማሽኑ እየሞከረች ትድረስበት።»