ሚጣ የሳቀችላት ሴት

ልብስ ሰፊዋ ቅናት የጀመራት አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የቀጠረቻት ደንበኛ ስለቀረችባት ሱቋን ዘግታ ልጇን ለመውሰድ ከወትሮው ቀደም ብላ ሄደች። ስድስት ዓመት የሆናት ሚጣ እስካሁን አንድም ቃል አልወጣትም፤ የምትውለው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ትንሽ ማዕከል ነው። እናትየው በበሩ መስታወት ብታይ፣ ሚጣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ መምህርቷ ፀጉሯን ታበጥራታለች። ሚጣ ደግሞ ትስቃለች።

ቤት ሲሆን ማበጠሪያ ያየች እንደሆነ አልጋ ሥር የምትገባ ልጅ ናት።

«ዛሬ ሾርባዋንም ጨርሳለች፣ የሚጣ እናት» አለች መምህርቷ። ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ማስቲካ ከአፏ የማይጠፋ ቀጭን ወጣት ናት።

«እኔ ጋ እኮ ሾርባ ዞር ብላ አታይም።»

«እዚህ ግን ትበላለች።»

መምህርቷ ይህን ያለችው በቅንነት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን እስከ ቤቷ ድረስ ደሟ እንደፈላ ሄደች። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ ሲመጣ ጠብቃ የሆዷን ዘረገፈችለት።

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የተንከራተትኩ እኔ! ሳቋን ግን ለማንም ማስቲካ አላማጭ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከልጅሽ አስተማሪ ጋር ጣውንት ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ የመምህርቷን የመሰለ ማበጠሪያ ገዛች። እንደሷ ዓይነት ሾርባ ሠራች። ይባስ ብላ ማስቲካ አፏ ውስጥ ከተተች። ሚጣ ሾርባውን ደፋችው፣ አልጋ ሥርም ገባች። እናትየው ማስቲካዋን ተፍታ አለቀሰች። ሚጣ የምትፈልገውን እንድታሳይባቸው መምህርቷ ለቤት ብላ የላከቻቸውን የሥዕል ካርዶችም አንስታ መሳቢያ ውስጥ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር ወሸቀቻቸው። ልጄን ለማወቅ ደግሞ ሥዕል ያስፈልገኛል? አለች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሚጣ ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ መምታት ጀመረች። ምግብ እንቢ አለች። እያጉረመረመች በሩ ሥር ትቀመጣለች። እናትየው ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ያቺ ሴት ናፍቃት ነው። እንግዲያው ትርሳት ብላ ከማዕከሉ አስቀረቻት። ልጅቷ ጉንጯን በመታች ቁጥር የሌላ ሴት ስም የምትጠራባት ይመስላት ነበር።

በአምስተኛው ቀን መምህርቷ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ሚጣን ገና ስታያት ፊቷ ተለወጠ።

«ካርዶቹ የታሉ?»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን እየሸሸች መሳቢያውን ከፈተች። መምህርቷ ሦስት ካርዶች ወለሉ ላይ ደረደረች፤ ውሃ የሚጠጣ ልጅ፣ ተኝቶ የሚያንቀላፋ ልጅ፣ ፊቱን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ። ሚጣ ሦስተኛውን አንስታ በመምህርቷ እጅ አስያዘቻት።

«አሟታል» አለች መምህርቷ። «ጉንጯን ያዩታል? አብጧል እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የልጇን ጉንጭ አየች። ሚጣ ካርዱን ለእሷ አለመስጠቷ ከነከናት፤ ከዚያ በዚህች ሰዓት እንኳ በመቅናቷ አፈረች። ቢሆንም «አብረሽን ነይ» አለቻት።

የጥርስ ሐኪሙ መንጋጋዋ መግል መያዙን ነገራቸው። መምህርቷ ጠይቃው ኃይለኛውን መብራት ቀነሰላቸው፣ ዕቃዎቹንም አንድ በአንድ ለልጅቷ አሳያት። ጥርሱ እስኪነቀል ሚጣ በአንድ እጇ መምህርቷን፣ በሌላው የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እናትየው መቻል አቃታት።

«ስትነግረኝ ሰነበተች። እኔ ግን በአንቺ ቀንቼ አልሰማኋትም።»

መምህርቷ ወደ እሷ ዞረች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷ ላይ ያለውን የጥርስ ጠባሳ አሳየቻት።

«በመጀመሪያው ሳምንት ነው የነከሰችኝ። ሁለት ጊዜ ሥራ ልለቅ ነበር። የምትወደኝ እንዳይመስልዎት፤ ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለምሠራ ነው የለመደችኝ። እርስዎም ቢመጡና ቢያዩ ይችሉታል።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ሱቋን ዘግታ ማዕከሉ ትውላለች። ካርዶቹን አሁን በልብሷ ኪስ ይዛ ትዞራለች፤ ሚጣም ሲርባት ወይም ድምፅ ሲበዛባት እየመዘዘች ታሳያታለች። ሾርባውን ግን እስከ ዛሬ ቤት አትቀምሰውም።

ቅናቱስ? ጨርሶ አልለቀቃትም። ባለፈው ረቡዕ ሚጣ ከመምህርቷ ጉያ ተወሽቃ ስትስቅ አየችና ከበሩ ላይ ቆመች።

«ዛሬም ቀናሁብሽ» አለቻት።

«ጠጋ ልበልልዎት?» አለች መምህርቷ፤ ምንጣፉም ላይ ቦታ ለቀቀችላት።