መዝገብ ያልገባ ቃል

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቀጥ በሉ» እያለ ነበር የሚጠራት። ልኬት ስትወስድ ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሥራ አስኪያጅ የለ፤ ሜትሯን ትከሻው ላይ ጣል ታደርግና «ቀጥ በሉ!» ትላለች፤ ያልቀናውን በጣቷ ወገቡን ወጋ ታደርገዋለች። አንድ ጎበጥ ያሉ ጡረተኛ «ልጄ፣ መቅናት ብችል ኖሮ የተሰፋ ገዝቼ እለብስ ነበር» ብለዋት ሱቁ በሳቅ ፈርሷል። ያን ጊዜ ከሱቋ ሰው አይጠፋም ነበር።

ልጇ ከሞተች ወዲህ ግን ሰው ሳሳ። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ሰው የሚናገረው ሲጠፋው እግሩን ይሰበስባል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለቅሶው ሰሞን መቀመጫ ከጎረቤት የተለመነበት ቤት፣ ወር ሳይሞላ አንድ ወንበር የሚበቃው ሆነ። ሙሽሮች ደግሞ ጭራሽ ቀሩ። ልጇን እንዲያ ባለ ነገር የቀበረች ሴት የሙሽራ ልብስ ብትነካ ገደ ቢስ መስሏቸው ይሆናል። እነሱም አልነገሯት፣ እሷም አልጠየቀች። የቀራት ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። ልጅቷ ከሆስፒታል ብትመለስ ራሷን እንዳታይ ብላ ወደ ግድግዳ ያዞረችው ትልቁ መስታወት እስካሁን እንደዞረ ነው። ደንበኛ «ልየው እስቲ» ሲላት «እኔ አየሁልህ፣ ያምርብሃል» ብላ ትሸኘዋለች።

ልጇ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። የመኪና ባትሪ የሚጠግን አንድ ሰው አጭቷት ነበር፤ ጠባዩ ቢከብዳት ቀለበቱን መለሰችለት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቆ፣ ከጋራዡ በጆግ ይዞት የመጣውን አሲድ ፊቷ ላይ ደፋባት። ሳምንታት በስቃይ ተኝታ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሞተች። የሥር ፍርድ ቤት «ሆን ብሎ ገድሏል» ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ደስ አላላትም፤ ደስታ የሚባል ነገር በአጠገቧ አልደረሰም። ቢሆንም ቤቷ ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱም ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ይግባኝ መጣ።

ዐቃቤ ሕጓ ልጅ እግር ናት፤ ቢሮዋ ውስጥ ፋይል ያልተሸከመ ወንበር የለም። አንዱን አራግፋ ልብስ ሰፊዋን አስቀመጠቻት።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው፤ እንዳይደነግጡ።»

«ከእንግዲህ ምን ያስደነግጠኛል ብለሽ ነው?»

«የሰውዬው ጠበቃ ይግባኙን ያቆመው በእርስዎ ቃል ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አልገባትም። በእሷ ቃል? እሷ እኮ የተናገረችው በእሱ ላይ ነው! ዐቃቤ ሕጓ ቀስ ብላ አስረዳቻት። በሥር ፍርድ ቤት ለምስክርነት ስትቀርብ፣ ልጇ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና የነገረቻትን ተናግራለች። ሰውዬው አሲዱን ሲደፋባት «አልገድልሽም፤ ሁለተኛ ማንም ዞሮ እንዳያይሽ ነው የማደርግሽ» ብሏታል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትመሰክር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በጣቷ ወደ ተከሳሹ እየጠቆመች ነበር። ከመግደል የባሰ ጭካኔ አድርጋ ነው ያየችው። የቆጠበችውን ትልቁን ድንጋይ መወርወሯ ነበር።

«ጠበቃው የሚለው ምንድን ነው መሰለዎት፤ 'አልገድልሽም' ካለ የመግደል ሐሳብ አልነበረውም ነው የሚለው። ያሰበው መልኳን ለማጥፋት ነው፣ ሞቱ ኋላ የመጣ ነው ይላል። ይህን ከተቀበሉት ዕድሜ ልኩ ይነሣለታል።»

«በገዛ አፌ?»

ዐቃቤ ሕጓ ፋይሉን ገለጠች። ይግባኝ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዳኞቹ ያንን ቃል ከራሷ ሊሰሙት ፈልገው ጠርተዋታል አለቻት።

«እሺ፣ ቀርቤ ምን ልበል?»

«ይህን ይበሉ ልልዎት አልችልም፤ እናቴ። እውነቱን ነው የሚናገሩት።»

ሕግ የሚሉት ነገር መቼም ጉድ ነው። አንዲት ሴት ልጇን ቀብራ መጥታ ገዳዩ በልቡ ምን ያስብ እንደነበር ትጠየቃለች።

ታናሽ እህቷ ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ የይግባኙን ነገር ሰምታ ደወለችላት። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጮኸች።

«አላስታውስም በያቸው! እህትዬ፣ ምን ችግር አለው? ደንግጬ ነው፣ ተሳስቼ ነው በይ። ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁት ሁለታችሁ ብቻ። ማን ወጥቶ ይመሰክርብሻል?»

«ማንም።»

«በቃ! ማንም!»

ስልኩን ዘግታ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ የአንድ ተማሪ ሱሪ መርፌው ሥር እንደተወጠረ ነው። ማንም። እህቷ ደስ ብሏት ያለችው ቃል እሷን ሥራ አላሠራ አላት። ሰውዬው እስር ቤት ውስጥ ሸብቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ እዚያው ቢሞት ትወድ ነበር፤ ይህን ለማንም አትደብቅም። «አላስታውስም» ማለት ደግሞ ምንም አያስቸግርም፤ ምላስን አይሰብርም። ግን የልጇን ፎቶ ጓደኞቿም አላቸው፣ ልብሷን ዘመድ ተካፍሎታል፣ ጨዋታዋን መድኃኒት ቤት ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ያንን ቃል የሰማች ግን እሷ ብቻ ናት። ልጅቷ ከንፈሯ አልገጥም ብሏት፣ እናቷ ጆሮዋን አፏ ላይ ለጥፋ፣ አንዱን ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ እየተነፈሰች ነው የነገረቻት። በማግስቱ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ድምጿ አልተሰማም። እሷ አላስታውስም ካለች ማን ሊያስታውስ ነው? ሱሪውን ሳትጨርስ ተነሥታ ሱቁን ዘጋች።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ስትገባ የትኛውን እንደምትናገር ገና አልቆረጠችም ነበር። ከኋላ ወንበር፣ በሩ አጠገብ፣ የባትሪ ሠሪው እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። ከልጇ ቀጠሮ አንድም አልቀረባትም። ልጆቻቸው የተጫጩ ጊዜ ልብሷን የሰፋችላት ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት፤ የትከሻዋን ልክ እስካሁን በቃሏ ታውቀዋለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሁለቱም ዞር አሉ።

ጠበቃው ትሑት ሰው ነው፤ እሱም አናደዳት። ባለጌ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው በደግ ድምፅ ጠየቋት።

«ልጅዎ ስለ ድርጊቱ የነገረችዎትን ዛሬም ያስታውሱታል?»

ዐቃቤ ሕጓ አቀርቅራለች። የችሎቱ ጸሐፊ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አላስታውስም፤ አንድ ቃል ነው።

«አስታውሳለሁ» አለች።

«ምን አለችዎት?»

«'አልገድልሽም፤ ሁለተኛ ማንም ዞሮ እንዳያይሽ ነው የማደርግሽ አለኝ' አለችኝ።»

«በትክክል እንደዚህ ነው ያለችው?»

«እንደዚሁ ነው። አንድም ፊደል አልጨመርኩም። ከዚያ ደግሞ—»

«ይበቃል፣ እናቴ።»

«አልጨረስኩም፣ ጌታዬ። ከዚያ ደግሞ 'እማዬ፣ አንቺ ታይኛለሽ?' አለችኝ። እኔም—»

«ሐዘንዎ ይገባናል። ይህ ግን ከተያዘው ጭብጥ ጋር የሚያያዝ አይደለም። መውረድ ይችላሉ።»

የጸሐፊዋ እጅ ከኪቦርዱ ላይ ተነሥቷል። ልብስ ሰፊዋ ያልጨረሰችውን እንደያዘች ወረደች። አሥራ ሁለት መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ከደንበኛ ጋር የምታወራ ሴት፣ ያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር አፏ ውስጥ ይዛ መሄድ አቃታት።

ውሳኔው በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። የመግደል ሐሳብ በበቂ አልተረጋገጠም፤ ጥፋቱ ለሞት ያበቃ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ዕድሜ ልኩ ተነሥቶ በአሥራ ስምንት ዓመት ተተክቷል። ዐቃቤ ሕጓ ከዚህ በላይ የሚኬድበት መንገድ ካለ አያለሁ አለቻትና ለሌላ መዝገብ ተጠርታ ሮጠች። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደር ላይ ወጥታ ለእህቷ ደወለች።

«አሥራ ስምንት ዓመት» አለቻት።

«አንቺ ነሽ ያስፈታሽው» አለች እህቷ፤ ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሰው ይወጣል፣ ይገባል፤ ጠበቆች ካባቸውን እያጠፉ ይሳሳቃሉ። የምትሄድበት ቤት አላት፤ የሚጠብቃት ሰው ግን የለም፤ እና ለመነሣት አልቸኮለችም። እንዲያ እንዳለች አንዲት ሴት ከፊቷ መጥታ ተንበረከከች። የባትሪ ሠሪው እናት ነበረች።

«እግዜር ይስጥሽ። ልጄን አተረፍሽልኝ።»

«ተነሽ! ለልጅሽ ብዬ መሰለሽ? እዚያው በስብሶ ቢቀርልኝ ደስታዬ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ሴትዮዋ ተነሣች፤ ግን አልሄደችም። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ቆመች።

«ያን ቀን አቋረጡሽ» አለች። «ልጅቷ 'ታይኛለሽ?' ስትልሽ… ምን አልሻት?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። ዳኛው አልጠየቋትም። ዐቃቤ ሕጓም፣ የእናቷ ልጅም አልጠየቀቻትም። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ይህን ለማወቅ የፈለገች ይህች ትሁን? ተናደደች፤ በጥፊ ልትላት እጇ ሁሉ ሞቋት ነበር። ደግሞም ፈራች። ይህች ሴት ከሄደች ሁለተኛ የሚጠይቃት አይኖርም፤ በዚህ እርግጠኛ ነበረች።

«'አይሻለሁ' አልኳት። 'አፍንጫሽ ያው የአባትሽ ነው፤ ስንቴ ነግሬሻለሁ' አልኳት።»

«እሷስ?»

«አፍንጫ አልነበራትም እኮ። ሳቀች። በዚያ ከንፈሯ ሳቀች። እሱ ነው የመጨረሻው፤ ቱቦው ከገባ በኋላ ምንም የለም።»

የባትሪ ሠሪው እናት አፏን በነጠላዋ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ አላባበለቻትም፤ ማባበያም አልነበራትም። ይቅርታ የሚባለውን ነገር ውስጧን ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች።

«እንግዲህ ይህን የምናውቅ እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለቻት። «እኔ ብሞት አንቺ ብቻ ነሽ። እንዳትረሺው።»

«አልረሳውም።»

«ቀጥ ብለሽ ማዪልኝ።»

ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ማለችላት። ልብስ ሰፊዋ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ብቻዋን ወረደች።