የአፍንጫው ምስክርነት

አዋላጇ ወረቀቱን በመካኒኩ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ በካቻቢቴዎቹና ዘይት በጠገበው ጨርቅ መካከል፣ እንደ መርዶ በቀስታ አኖረችው።

“ደግማ ወደቀች” አለች። “ጭሱን የሚመረምረው ልጅ ‘እማማ፣ ይህች መኪና የምትሄደው በቤንዚን ነው ወይስ በጥላሸት?’ ብሎ አላገጠብኝ። ከነገ ወዲያ የመጨረሻው ምርመራ ነው። ያን ከወደቀች ታርጋዋን ፈትተው ለብረት አቅላጭ ነው የሚሰጧት። አንተ ግን ንጹሕ ናት ብለኸኝ ነበር፣ አፍንጫው።”

አፍንጫው የሚለው ስም የወጣለት ገና በወጣትነቱ ነበር። የመኪናን ጭስ አሽትቶ ብቻ ቤንዚኑ በዝቶ እንደሆነ፣ አየሩ አንሶ እንደሆነ፣ ዘይት እየተቃጠለ እንደሆነ ይለይ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ጋራዡ የሚመጣው ለእጁ ሳይሆን ለአፍንጫው ነበር። ያ አፍንጫ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ክፉ ጉንፋን ሳምንት አስተኝቶት ሲነሣ ሳሙናውም፣ ቤንዚኑም፣ የገዛ ላቡም ምንም የማይሸቱ ሆኑበት። ይመለሳል ብሎ አንድ ወር ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ለማንም፣ ለሚስቱም ጭምር፣ ሳይናገር ዝም አለ፤ ዝምታውም ቀስ በቀስ ወደ ውሸት ተለወጠ። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ ኋላ ማጎንበሱን፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየር መሳቡን አልተወም። አፍንጫውን ከተነጠቀ ምን ሊባል ነው? ጭስ የለመደ ሽማግሌ፣ ሌላ ምንም።

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪና አዋላጇ ጡረታ በወጣች ማግስት ለራሷ የሸለመቻት ነበረች። “አርባ ዓመት የሰው ልጅ ቀስ ብሎ ሲመጣ ጠብቄአለሁ፤ አሁን መፍጠን አምሮኛል” ትል ነበር። የመካኒኩ ሚስት ሴት ልጁን ስትወልድ ያዋለደቻት እርሷ ስለሆነች በመካከላቸው አንቱታ ኖሮ አያውቅም።

“እስቲ አስነሣትና አሽትታት” አለች፣ በአሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጠች።

ጊዜ ለመግዛት ኮፈኑን ከፍቶ ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች አወጣ። አራቱም ጥላሸት ለብሰው ወጡ። ወረቀቱም፣ ካንዴላውም፣ የጠቆረው የማርሚታ ጫፍም በአንድ ቃል የሚመሰክሩት ሳይቃጠል የሚወጣ ቤንዚን መኖሩን ነበር። ለጀማሪ እንኳ ይህ በበቃው። ለእርሱ ግን ዓይኑን ማመን አፍንጫውን መክሰስ ሆነበት። ስለዚህ ካንዴላዎቹን ጠርጎ መለሰ፤ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ከማርሚታው ኋላ ተንበረከከና ረጅም አየር ሳበ።

“ንጹሕ ናት። የተበላሸው የእነርሱ መሣሪያ ነው።”

“ንጹሕ!” ብላ ሣቀች፤ ሣቋን ግን ሳል አቋረጠው። “ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ እየሸተተኝ! አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚን ላይ ተንበርክከህ ንጹሕ ናት ትለኛለህ?”

ጉልበቱን ተመለከተ። ሱሪው ርሷል። ማለዳ ወለሉን ያጠበበት ውሃ መስሎት ነበር። ከሞተሩ ሥር የተነሣው ፈሳሽ ግን የወለሉን ቁልቁለት ተከትሎ እስከ እርሱ ደርሶ ነበር።

ዘሎ ሞተሩን አጠፋ። ወለሉን በአሸዋ ካደረቁ በኋላ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቦራቶር ፈትቶ ወደ ግቢው ይዞት ወጣ፤ እርሷም ተከተለችው። በካርቦራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቅ፣ ከናስ የተሠራች ባዶ ተንሳፋፊ አለች፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብላ መግቢያውን ትዘጋለች። አውጥቶ ከጆሮው አጠገብ ነቀነቃት። በሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ተንቦጫረቀ። ተበስታ፣ ቤንዚን ጠጥታ ሰጥማለች፤ መግቢያውም ሳይዘጋ ቀርቷል።

“አገኘኋት!” አለ። ለቅጽበት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

“መለዋወጫ አላት?”

“ከየት መጥቶ? ቀዳዳዋን በቀለጠ እርሳስ እደፍናታለሁ።”

በሙቅ ውሃ ነከራት፤ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ቀዳዳ አረፋ ተፋች። ቤንዚኑን አራግፎ አወጣ። ጠረገ። የብየዳውን እሳት ለኮሰ።

የቀረውን ሥራ በእንቅልፉም ያውቀዋል። እሳት ከመቅረቡ በፊት ተንሳፋፊዋ ትሸተታለች፤ ጥቂት የቤንዚን ትነት ቢቀርባት እጅ ላይ ትፈነዳለች። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ምንም። ባዶ ብትሆንም ምንም፣ ሙሉ ብትሆንም ምንም። አዋላጇ በትከሻው በኩል አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ፊቷ ከእሳቱ አንድ ክንድ አይርቅም።

እሳቱን አጠፋ።

“አሽትቺልኝ” አለ።

“ዛሬ ደግሞ አፍንጫው እኔ ልባል ነው?” ብላ ቀና ስትል ፊቱ ዐመድ መስሎ አየችው። “ምን ሆነሃል?”

“አይሸተኝም።”

“ከመቼ ወዲህ?”

“ሁለት ዓመቱ።”

በጣቶቿ ወደ ኋላ ቆጠረች።

“ራሴን ሲፈልጠኝ ‘ዕድሜ ነው’ ያልከኝ አምና ነው።”

“አዎ።”

“የልጅ ልጄን ከመኪናዋ ስናወርዳት ሲያስመልሳት፣ ‘መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ነው’ ያልከኝ።”

“አዎ።”

“እኔ ጓንቴን አውልቄ ሥራዬን የተውሁት እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረ ዕለት ነው። በማግስቱ አይደለም።”

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የሚመልሰው ሁሉ ያው ሁለት ዓመት ሲናገር የኖረው ዓይነት ቃል ይሆን ነበር።

ተንሳፋፊዋን ከእጁ ወስዳ አሸተተች።

“አላት” አለች።

እሳቱን አስጠግቶ ቢሆን ኖሮ! ዳግም በሙቅ ውሃ ነከራት፤ አራገፈ፤ ሰጣት።

“አላት።”

ለሦስተኛ ጊዜ ነክሮ ሲሰጣት ብዙ ቆየች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ እርሱ ሲያደርግ እንደነበረው ረጅም አየር ሳበች።

“የላትም።”

ከዚያ በኋላ የደፈነው ድፍን በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ነበር፤ ግን ማንም አላደነቀለትም። መኪናዋን ገጣጥሞ አስነሣት። አዋላጇ ቁልፉን ተቀበለች።

“አመሰግንዎታለሁ” አለችው፣ መንገድ እንዳመላከታት እንግዳ ሰው።

የመጨረሻው ምርመራ ቀን መጥቶ አለፈ። ውጤቱን የነገረው የለም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያን የሞተር ድምፅ ከሩቅ ለየው፤ ጆሮው አልሞተም ነበርና። ጨርቁን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ። ዝናብ ይጥላል። ቀይዋ መኪና ታርጋዋ በቦታው ሆኖ፣ ሞተሯ ያለ አንዳች እንከን እያጉረመረመ መጣች። ምርመራውን ማለፏን ያን ጊዜ ዐወቀ፤ እጁንም ሊያነሣ ቃጣው።

አዋላጇ አልዞረችም። የመኪናዋ ሁለቱም መስኮቶች እስከ ታች ወርደው ነበር። ዝናቡ ትከሻዋን ያረሰርሰዋል፤ በአጠገቧ የተቀመጠችው የልጅ ልጇም የካፖርቷን ቆብ እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አውጥታ ነበር።