ያለ ቦታው የመጣ ሳቅ

የኔሰው መጀመሪያ የፈራው እታገኝ ወንፊት ልትመልስ መጥታ ከደጅ የተመለሰች ጊዜ ነው። እታገኝ የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ሆኖም በሰቆጣ ከእሷ በላይ የሚስቅ ሰው አለ ብሎ የሚከራከር የማይገኝላት ሴት። የኔሰው ቤት የእሁዱ ፊልም ሊጀመር ሲል በርጩማዋን ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ፣ ሳቅ ሲይዛት አጠገቧ ያለውን በክርኗ የምትደቃው እሷ። “እሁድ እንዳትቀሪ፣ ሻጋታውን ጠርጌ ያዳንኩት አንድ አለ” ሲላት ወንፊቱን ደፍ ላይ አኖረችና “እሁድ እንኳ ሥራ አለብኝ” ብላ ዓይኗን ሳታነሳ ሄደች። እሁድ ምን ሥራ አለ? ቢኖርስ እታገኝን ከሳቅ የሚያስቀራት ሥራ የትኛው ነው?

የኔሰው የሚሰበስበው የድሮ አጫጭር የቀልድ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ንግግር የሌለበት፣ ምሳ ቀርቦ እስኪነሳ የሚያልቅ። በጎልማሳነቱ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ሰው የሚከፍለው ለድብድቡና ለሕንዱ ፊልም ሲሆን ቀልዶቹ ዋናው እስኪጀመር ሰው ማቆያ ነበሩ። በኋላ ዲሽና ስልክ መጥቶ ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ሌላውን ካሴት ለፈለገ ሁሉ አድሎ ቀልዶቹንና ማጫወቻውን ዴክ ይዞ ቤቱ ገባ። ለምን ሲሉት “ኽምጥኛ ብቻ የሚሰማውም አማርኛ ብቻ የሚሰማውም እኩል ይስቅባቸዋል” ይላል። ይህ ለሰው የሚናገረው ነው። የልቡ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሲስቅ ማየት ይወዳል። ፊልሙንማ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወደ ሰዉ ዞሮ ተቀምጦ የሚያየው ፊቶቹን ነው። ማን የቱ ላይ እንደሚስቅ፣ ማን ከሳቁ በፊት ትንፋሹን እንደሚይዝ ጠንቅቆ ያውቃል። እሱ ራሱ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ስብስቡን ያሳደገለት ልጁ ምስጋናው ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። በደረሰበት ከተማ ሁሉ ቪዲዮ ቤት የነበራቸውን ሰዎች እያጠያየቀ፣ ከዕቃ ቤት ጥግ አይጥ የቀመሰውን ካሴት ሳይቀር ለቅሞ ይልካል። አንዳንዱ ተበጥሷል፤ አንዳንዱ መሐል ላይ የማያውቁት ሰው ሠርግ ተቀድቶበታል። የኔሰው እያንዳንዱን ፈትቶ፣ በጥጥ ጠራርጎ፣ የተበጠሰውን ቀጥሎ መልሶ ያጠነጥነዋል። ሚስቱ ሰገነት “ልጅ ወለድኩ ብዬ ለካ ለአንተ ቆሻሻ ለቃሚ ነው የወለድኩልህ” እያለች ታሾፍበታለች። ምስጋናው ከደወለ ሰንብቷል። መንገዱ ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ይህ ብርቅ አልነበረም፤ እታገኝ ከደጅ እስክትመለስ ድረስ ማለት ነው።

በዚያ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይወራም። ሰው በሩቅ ሲሞት ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ሟቹ ልጅ ከሆነ ደግሞ የእናቲቱ እህት መጥታ ከጎኗ እስክትቆም ይጠበቃል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሰዉ በአንድነት ግቢውን ይሞላል። እስከዚያው የሚያውቁት ሰዎች ወደዚያ ቤት ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ያወራሉ። መሳቅ ግን አይሆንላቸውም። መርዶ በተቀመጠለት ቤት መሳቅ ከነውር አልፎ ኃጢአት ይመስላቸዋል። የኔሰው ይህን የሚያውቀው እሱም ስላደረገው ነው። የእታገኝን ባል ጋዝጊብላ ላይ ጎርፍ የወሰደው ጊዜ፣ ነገሩን በሆዱ ይዞ ቤቷ ተቀምጦ የቀዳችለትን ጠላ ጠጥቷል። “ምነው ፊልሙን ተውከው?” ብትለው “ዴኩ ተበላሽቷል” ብሏታል። አሁን ያቺው እታገኝ ሥራ አለብኝ አለችው።

“ሴትዮዋ ታማ ይሆናል” ብሎ ራሱን አጽናና። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ግን የነፍስ አባታቸውን ቄስ አሥራተ ማርያምን አገኛቸው። ቄሱ የእሁዱ ፊልም አያመልጣቸውም፤ “እግሬን ላሳርፍ ነው” ብለው በሩ አጠገብ ይቀመጡና ፊልሙ ሲጀምር ፊታቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ ከነጠላው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አገር ያያል።

“አባ፣ እሁድ ይመጣሉ አይደል?” አላቸው።

ቄሱ እጁን ያዙና አለቀቁትም። “እግዜር ያውቃል ልጄ። ሰገነት እንደምን ናት? እህል ትበላለች?”

“ምን ሆና አትበላም አባ?”

“አይ፣ ለደኅና ነው። ደኅና ነው” አሉና መስቀላቸውን አሳልመውት ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ደኅና የሆነችን ሴት እህል ትበላለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? የኔሰው ከመንገዱ ዞረ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረሰ የሚባለው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደጁ ላይ ቆሟል፤ የደረሰ በቅሎ ግን ከምትታሰርበት የለችም። የኔሰው አፉ ቀደመው።

“በቅሎህ የት ሄዳ ነው?”

ደረሰ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። መጀመሪያ ዱቄት የነካ እጁን አየ፣ ቀጥሎ ሰማዩን አየ። “ተልካ ነው” አለ።

“ወዴት?”

“ወደ ደሃና።”

የሰገነት እህት አመተ ማርያም የምትኖረው ደሃና ነው። የኔሰው መንገዱን ቀጠለ። ደሃና ሰፊ አገር ነው፣ በቅሎ ለስንት ጉዳይ ይላካል፣ እያለ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ደረሰን አንገቱን ይዞ “ማን ሞተ?” ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ፈራ። ካልጠየቀ ልጁ በሕይወት አለ፤ ከጠየቀ አይኖርም። ሞኝነት እንደሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ያንን ሞኝነት በሁለት እጁ ጨብጦ ሰነበተ። ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡ እያለ ይነሳል፤ ጠዋት ግቢው ባዶ መሆኑን ሲያይ እንደ ልጅ ደስ ይለዋል።

ሰገነት በበኩሏ ተቀይማለች። “ሰው ጠፋብን እኮ” አለች። “ምን አስቀየምናቸው? እኔው ራሴ እሄዳለሁ።” ተው ቢላት አልሰማችም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከቤት ቤት ዞረች፤ እታገኝን በሞቴ፣ ደረሰን በሞቴ፣ ቄሱንም በሞቴ ብላ አስማለቻቸው። እሷን እምቢ ማለት መርዶውን እንደ መንገር ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ሦስቱም መጡ።

እታገኝ በርጩማዋን ረስታ ነበር የመጣችው። ደረሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሰገነት ቆሎ አቀረበች፤ ሁሉም ዘገኑ፣ የቆረጠመ ግን የለም። የኔሰው ዴኩን ሰካ። በልቡ መብራት ይጥፋ ብሎ ተመኘ። ደርሶ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን አልጠፋም። በአንድ በኩል ደግሞ መጀመር ፈለገ፤ ከሳቁ መርዶ የለም ማለት ነው፣ ልጄ አለ ማለት ነው፣ እነዚህ ሰዎች እኔን ማታለል ቢችሉ ፊታቸው አይችልም አለ። ስለዚህ ካለው ሁሉ የሚያስቀውን፣ የፍየሏን መረጠ።

የፍየሏ ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ልጅ ሊያጭ ገበሬ ቤት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ወንበር ይሰጡታል፤ እሱ ለልጅቱ አባት ሲሽቆጠቆጥ ከኋላው ፍየል መጥታ የሱሪውን መቀመጫ ቅርጥፍ አድርጋ ትበላዋለች። አባትየው ሲነሱ ሰዉ ሁሉ ለክብራቸው ይነሳል። ሰውዬው መነሳት አይችልም፤ ስለዚህ ወንበሩን በሁለት እጁ መቀመጫው ላይ ይዞ፣ እንደተቀመጠ ሆኖ ይነሳና እጅ ይነሳል። የኔሰው ቤት የሚፈነዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ፣ ካሴቱ በገባ ቁጥር። ቀጥሎ ልጅቱ ሰውዬው ወንበር ይዞ ሲሸሽ አይታ እሷን የጠላት መስሏት አጥር ተደግፋ ታለቅሳለች። እዚያ ላይ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እታገኝም “ውይ የኔ ምስኪን” ትላለች።

ፊልሙ ጀመረ። የኔሰው እንደ ልማዱ ወደ ሰዉ ዞሮ ተቀመጠ። ፍየሏ መጣች፤ ሰገነት ብቻ ኪኪኪ አለች። ሰውዬው ወንበሩን ይዞ ተነሳ፤ ሰገነት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሌሎቹ አልሳቁም።  ሰገነት ሳቋን ገታ አድርጋ ወደ እታገኝ ዞረች፣ “አንቺ፣ አሞሻል እንዴ ዛሬ?” አለች። እታገኝ ደንግጣ ደረሰን አየች፣ ደረሰ ቄሱን አየ፤ ከዚያ ሦስቱም ባንድ ላይ ሳቁ። ጮክ ብለው ሳቁ። እታገኝ ጭኗን መታች።

በዚያን ሰዓት ግን ልጅቱ አጥር ተደግፋ እያለቀሰች ነበር።

የኔሰው የሦስቱንም ፊት አየ። አፋቸው ይስቃል፣ ዓይናቸው የትም የለም። ፊልሙን እያዩ አልነበረም፤ ከቶም አላዩትም። ቄሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ ድንገት ተነስተው ወጡ። የኔሰውም ተከትሏቸው ወጣ።

ቄሱ የግቢውን በር ይዘው ቆመዋል። ነጠላቸው በእንባ ርሷል።

“ምስጋናው ነው?” አላቸው። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

“መኪናው ገደል ገባ ልጄ። እዚያው ቀብረውታል” አሉት ቄሱ። “የሰገነት እህት ዛሬ ማታ ትደርሳለች። ኸሷ ጋር አብረን፣ ነገ ማለዳ፣ ለሁለታችሁም ልንነግር ነበር። ይቅር በለኝ።” ክንዱን ጥብቅ አድርገው ያዙት። “በእመቤታችን፣ አሁን እንዳትጮህ። አሁን ብትሰማው ማን ይይዛታል? ዛሬን እንኳ ሰላም ትደር።”

 ግቢው፣ አጥሩ፣ ማዶ ያለው ተራራ ሁሉ በቦታቸው መሆናቸው የኔሰውን አናደደው። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ ተራራው ምን ይገትረዋል? አጥሩን ይዞ ቆየ። ከቤት የሰገነት ድምፅ ተጣራ።

“የኔሰው! አለቀ እኮ! ና ድገምልን!”

ገባ። ካሴቱን ወደ ኋላ ሲያጠነጥን ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ለዚህች ሴት አንድ ከሰዓት በኋላ አለኝ፣ ከዚያ በላይ የምሰጣት የለኝም፣ አለ በልቡ። ዴኩን አስነሳና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዉ ጋር ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ፣ ሰገነት አጠገብ ተቀመጠ። ፍየሏ መጣች። አባትየው ተነሱ። ቀጭኑ ሰውዬ ወንበሩን ይዞ ተነሳ፣ የኔሰውም ሳቀ። ደረቱን እየቀደደው ሳቀ።

ከጎኑ ሳቅ ይጠብቅ ነበር። ሰገነት እዚህ ላይ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነው የምትስቀው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያየው ሳቅ ነው። አልመጣም። ቆይቶ፣ እሱ ስቆ ሊጨርስ ሲል፣ ዘግይቶ መጣ። ዞር ብሎ አያት። ቴሌቪዥኑን አታይም፤ የምታየው የእሱን አፍ ነው። እሱ ሲስቅ እያየች ትስቃለች፤ ጉንጯ ላይ ያለው ቆዳ እየተንቀጠቀጠ። መስኮቱ ክፍት ነበር። መስኮቱ ደግሞ ወደ ግቢው በር ያሳያል፤ እዚያ የሚነገረውም ይሰማል።

እጇን ሰደደችና እጁን ያዘችው። መዳፏ እንደ ውሃ ቀዝቅዟል።  ልጅቱ አጥር ተደግፋ አለቀሰች፣ የኔሰውና ሰገነትም ሳቁ፣ እሱ ለእሷ፣ እሷም ለእሱ ብለው። እታገኝ አፏን በሁለት እጇ ከድና ተነስታ ወጣች።

ፊልሙ አለቀ። ሰገነት ግን እጁን አልለቀቀችም።

“ድገመው” አለችው በቀስታ።